ጥላ የሚጠፋበት ቀን፦ ከአባባ ጋር የፀሐይ ሰዓት ስንሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ጥር 18 ቀን 2017፣ እሑድ

ዛሬ ተጀመረ። ሥራው በአያቴ በአባባ ግቢ ውስጥ የፀሐይ ሰዓት መትከል ነው። እስከ ሚያዝያ 5 ማለቅ አለበት። ቀኑን የቆረጡት አባባ ናቸው። በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአዲስ አበባ አናት በላይ ትሆናለች፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ አይኖረውም። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ሁለተኛው ነሐሴ 23 አካባቢ ነው፤ እሱን ግን የክረምቱ ደመና ይሸፍነዋል። «የነሐሴውን በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት» አሉኝ። ዘንድሮ 84 ዓመታቸው ነው።

አባባ ከ1954 እስከ 1988 ሳይንስ አስተምረዋል። ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ በ55 ዓመቱ ነበር ጡረታ የሚወጣው። ከዚያም በግል የማታ ትምህርት ቤት 11 ዓመት ጨመሩ። ደብረ ማርቆስ፣ ድሬዳዋ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ። በየደረሱበት ዘንግ አቁመው ተማሪዎቻቸውን ጥላ አስለክተዋል፤ የሚቆይ የፀሐይ ሰዓት ግን አንድም ቀን አልተከሉም። ስጠይቃቸው «ሲሚንቶ የሚገዛ በጀት አልነበረም» ብለው አለፉት።

ቦታው በቀላሉ ተገኘ። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የማይለየው እማማ በርበሬ ታሰጣበት የነበረው ጥግ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴም ዛሬውኑ መጣ። 1 ሜትር ዘንግ አቁሜ በቱንቢ አስተካከልኩ። ስልኬ ልክ 6 ሰዓት ሲል ጥላው ላይ መስመር አሰመርኩና «ሰሜን ይሄ ነው» አልኩ። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ምንም አላሉም። ትንሽ ቆይተው «ጥላው ከሁሉም ያጠረው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አልለካሁም ነበር። ከዚያ በየ5 ደቂቃው ጫፉ ላይ ምልክት እያደረግሁ ቀጠልኩ። ጥላው ማጠሩን አላቆመም፤ ወደ 53 ሴንቲ ሜትር ወርዶ መርዘም የጀመረው ከ6 ሰዓት ከ35 በኋላ ነው። መስመሬ 18 ዲግሪ ያህል ስቶ ነበር።

ምክንያቱን አባባ በጣታቸው መሬት ላይ ጻፉልኝ። የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ይህ መስመር የሚያልፈው በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ወደ ምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ትርቃለች። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመጓዝ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ 25 ደቂቃ ዘግይታ ትደርስልናለች። ጋምቤላ ከ40 ደቂቃ በላይ ትጠብቃለች። በዚህ ወር ደግሞ ሌላ 12 ደቂቃ ይጨመራል፤ የምድር ምሕዋር ሞላላ፣ ዛቢያዋም ዘንበል ያለ ስለሆነ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እኩል አትራመድም።

ወጪ፦ የለም።

ጥር 25፣ እሑድ

ሰሜንን በትክክል ማግኘት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀመርን።

ዘዴው የአባባ ነው። በዘንጉ ግርጌ ዙሪያ 80 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ በሲባጎ ይሰመራል። ጠዋት ጥላው ረጅም ስለሆነ ጫፉ ከክቡ ውጭ ነው፤ እያጠረ ሲመጣ አንድ ጊዜ ክቡን ይነካል፣ ምልክት ይደረጋል። ከሰዓት በኋላ እየረዘመ ሲወጣ ደግሞ በሌላው በኩል ይነካል። ሁለቱን ምልክቶች ያገናኘው መስመር መሐሉ ሲገኝ፣ ከዘንጉ ወደዚያ የሚሄደው መስመር ሰሜንና ደቡብ ነው። ሰዓት አያስፈልግም፣ ኮምፓስም አያስፈልግም።

ችግር 1፦ መሬቱ ውኃ ልክ አልነበረም። አሸዋ አፍስሼ፣ በላዩ ኮምፔንሳቶ ዘርግቼ አስተካከልኩ። ችግር 2፦ የጥላው ጫፍ ደብዛዛ ነው፤ የቱ ጋ እንደሚያበቃ አይታወቅም። አባባ መሣሪያ ሳጥናቸውን አስመጡና ትንሽ ዳዶ አውጥተው የዘንጉ ራስ ላይ በሽቦ አሰሩት። በዳዶው ቀዳዳ የሚያልፈው ብርሃን በጥላው መሐል ጥርት ያለ ነጥብ ሆኖ ወደቀ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦውን ግን ለእኔ አልሰጡኝም።

ጠዋት 4 ሰዓት ከ40፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ከ37። አማካዩ 6 ሰዓት ከ38 ተኩል። ከሒሳቡ ጋር ገጠመ። ለማወዳደር የስልኬን ኮምፓስ መስመሩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ወደ 7 ዲግሪ ተለየ። የቆርቆሮው አጥር ሁለት ሜትር ላይ ነው፣ ከሥር ደግሞ ፌሮ ያለበት አርማታ አለ። ብረት ባለበት ግቢ ኮምፓስ አይታመንም።

በምልክቶቹ መካከል አራት ሰዓት መጠበቅ ነበረብን። አባባ ልጅነታቸውን ያወሩት ያኔ ነው። ዳዊት ያስደገሟቸው የኔታ የቅዳሴ ሰዓት የሚያውቁት የራሳቸውን ጥላ በጫማቸው እየለኩ ነበር። ወሩ ሲለወጥ የጫማው ቁጥር ይለወጣል፤ የኔታ ቁጥሮቹን በቃላቸው ይዘዋቸው ነበር። «የመጀመሪያው የሳይንስ አስተማሪዬ እሳቸው ናቸው። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ መለካት ግን አሳዩኝ።»

የካቲት 2፣ እሑድ

አንድ ሙሉ እሑድ እና 350 ብር ጠፋ። በዝርዝር የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

ጠፍጣፋ የፀሐይ ሰዓት፣ ማለትም መሬት ላይ ተዘርግቶ መሐሉ ላይ ሦስት ማዕዘን ክንፍ የሚቆምበት ዓይነት፣ ለመሥራት ወሰንኩ። በየመጽሐፉ ያለው ሥዕል እሱ ነው። ክንፉ ከመሬት የሚነሳበት ማዕዘን ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ነው። የሰዓት መስመሮቹ ማዕዘን ታንጀንት የሚገኘው የኬክሮሱን ሳይን በፀሐይዋ ማዕዘን (ከእኩለ ቀን ለራቀ ለእያንዳንዱ ሰዓት 15 ዲግሪ) ታንጀንት በማባዛት ነው። ሠንጠረዡን በኮምፒውተር አወጣሁ፣ ኮምፔንሳቶ አስቆረጥኩ፣ መስመሮቹን በማርከር አሰመርኩ።

ሲያልቅ ማንበብ አይቻልም። የ9 ዲግሪ ሳይን 0.156 ብቻ ስለሆነ የእኩለ ቀን አካባቢ መስመሮች እላይ በላይ ተደራርበዋል። በ6 እና በ7 ሰዓት መስመሮች መካከል 2.4 ዲግሪ ብቻ ነው ያለው፤ ከመሐሉ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ እንኳን ከ1 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በ11 እና በ12 መካከል ደግሞ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ባዶ ሜዳ። ክንፉም 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ኖሮት ከፍታው 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የጥላው ወሰን ከመስመሮቹ ይሰፋል። ያው ሰዓት ለንደን ላይ ቢሠራ የመጀመሪያው ክፍተት 12 ዲግሪ ገደማ ይሆን ነበር። መጽሐፉ ትክክል ነው፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ቦታ ነው።

አባባ ቀድመው ያውቁ ነበር። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «ብነግርህ ታምነኛለህ እንጂ አታየውም» አሉ።

ያን ጊዜ የ92ቱን ታሪክ በድጋሚ አወሩልኝ። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዛሬ ግን ለእኔ ሥራ የተነገረ ሆኖ ነው የሰማሁት። በ1955 ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። የክፍሉ መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። አንድ ቴርሞሜትር ነበራቸው። ተማሪዎቹ ውኃውን በከሰል አፈሉት፤ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመና አልንቀሳቀስ አለ። ከሰል ጨመሩ፣ አራገቡ፤ 92። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ 100 ብለው ጻፉ። ሁሉም። አንዲት ልጅ ብቻ 92 ብላ ጽፋ ከሥሩ «ይቅርታ» ጨመረች። አባባ ለእሷ ሙሉ ነጥብ ሰጥተው ለቀሩት ሥራውን አስደገሙ። ከዚያ በኋላ ነው ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ እንደሆነች፣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ ቀድሞ እንደሚፈላ ያስተማሩት። ድሬዳዋ ሲዛወሩ ሞከሩት፣ 96 ሆነ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሽበታም ሰዎች አስቁመዋቸው «ጋሽ ዘጠና ሁለት!» ብለው ትከሻቸውን ይስማሉ።

የካቲት 9፣ እሑድ

አዲስ ንድፍ። በእኛ ኬክሮስ የሚሠራው ሰሌዳው ራሱ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ የሚሆንበት ዓይነት ነው። ሰሌዳው ወደ ሰሜን ኮከብ ያመለክታል። የሰሜን ኮከብ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የሚነሳው፤ ብዙ ጊዜ እንጦጦና ጭጋጉ ይጋርዱታል። ስለዚህ ሰሌዳው ተጋድሟል ማለት ይቻላል፤ የሰሜኑ ጠርዝ ትንሽ ብቻ ቀና ይላል። ከሰሌዳው በላይ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጋደማል። የሰዓት መስመሮቹ ሁሉ ትይዩ ናቸው፤ ርቀታቸው የዘንጉ ከፍታ በማዕዘኑ ታንጀንት ተባዝቶ ነው።

ዘንጉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ከመሐሉ መስመር የአንድ ሰዓት ርቀት 2.7፣ የሁለት 5.8፣ የሦስት 10፣ የአራት 17.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አምስተኛው 37.3 ስለሆነ ሰሌዳውን እጥፍ ያደርገዋል፤ ተውነው። ሰዓታችን ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ያሳያል። የሰሌዳው መጠን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 40፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን 30 ሴንቲ ሜትር። 30ው በ9 ዲግሪ ሲጋደል የሰሜኑ ጠርዝ ከደቡቡ 4.7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል።

በካርቶንና በሹራብ መሥሪያ ሞከርነው። ሠራ። ታናሽ እህቴ የፈተናዋን ጥናት ትታ መጥታ ግማሽ ሰዓት አየችው።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ምናለሽ ተራ። ጠዋት 2 ሰዓት ደረስኩ፤ ከቀትር በፊት ካልተገባ መተላለፊያ የለም። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁራጭ 900 ብር፣ ለእግር የሚሆን ቱቦላሬ 700፣ አራት ቡሎን ከነዳዶው 200። ለዘንግ የሚሆን ባለ 6 ሚሊ ቶንዲኖ ከአባባ መሣሪያ ሳጥን ተገኘ፤ በመዶሻ አቀናሁት። አባባ እንደ ቀድሞው አብረውኝ ቢመጡ ዋጋውን ይቀንሱልኝ ነበር። ከ10 ዓመት በፊት በዚሁ ገበያ ለትምህርት ቤት ሚዛን መሥሪያ የሚሆን ብረት በእጃቸው ሲሸከሙ አይቻቸዋለሁ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ብየዳው ተበላሸ። እግሮቹና ሰሌዳው ሲበየዱ 2 ሚሊው ላሜራ በሙቀቱ ተጣመመ፤ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ባሳርፍ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። በመዶሻ ላቀናው ስሞክር ሌላ ቦታ ላይ አበጠ። በያጁ ጥፋት የለበትም፤ ቀጭን ላሜራ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። 900 ብር ላሜራና 600 ብር ብየዳ ሄደ።

ቀጥሎ የሞከርኩት፦ ባለ 3 ሚሊ ላሜራ 1,300 ብር፤ እግሮቹ ሰሌዳው ላይ እንዳይበየዱ፣ ለብቻ ተበይደው በቡሎን እንዲታሰሩ። የብየዳ 500። አሁን ሰሌዳው ቀጥ ያለ ነው፤ ቡሎኖቹን በማላላትና በማጥበቅ ጋደል ማለቱንም በትንሹ ማስተካከል ይቻላል። ስህተቱ የተሻለ ንድፍ አመጣ።

ዐቢይ ጾም ስለገባ አባባ እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። ሐኪማቸው አልወደደውም። እኔም አልወደድኩትም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሥራ ቆሟል። አባባን ጉንፋን ይዟቸው ወደ ደረታቸው ወረደ። ሦስት ቀን ትኩሳት ነበራቸው። ጾሙን በንስሓ አባታቸው ትእዛዝ አቋረጡ።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ትኩሳቱ ለቀቀ፤ ከአልጋ ግን አልተነሡም። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ደብተሮቻቸውን አነብላቸዋለሁ። 23 ደብተሮች ናቸው። የሞራ ግርዶሹ ከተወገደላቸው በኋላም ትንንሽ ፊደል ይከብዳቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ የመሣሪያ አሠራር ናቸው። ከተቃጠለ አምፖል ውስጥ ክሩን አውጥቶ ውኃ በመሙላት አጉሊ መነጽር። ከሁለት የቲማቲም ጣሳና ከሽቦ ሚዛን፤ መመዘኛው ሳንቲም ነው። ከጫማ ካርቶን የመርፌ ቀዳዳ ካሜራ። በእያንዳንዱ ሥር ስንት ልጆች እንደሠሩትና ስንቶቹ እንደተሳካላቸው ተጽፏል።

በ1967 ለዕድገት በኅብረት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ አባባም ወጥተዋል፤ ቴርሞሜትራቸውን በካልሲ ጠቅልለው ይዘውት ነበር። የዚያ ዘመን ገጾች ጥቂት ናቸው፤ ሳነብ አንዳንዱን «እለፈው» ይሉኛል፣ አልፈዋለሁ። ሁለት ተማሪዎቻቸው ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሞተዋል፤ ስማቸው ብቻ ተጽፎ ከሥሩ መስመር አለ። በ1971 መሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር ደግሞ ገጾቹ እንደገና ይሞላሉ። ማታ በፋኖስ አዛውንቶችን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። አንድ የ60 ዓመት ገበሬ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፈው ሰሌዳው እንዳይጠረግ ለምነው፣ አባባ ለሳምንት ያን ጥግ ሳያጠፉ እንዳስተማሩ ተጽፏል።

ከ1982 በኋላ የልጅ ልጆች ይገባሉ። ሰባት ነን። መስከረም 1 ጠዋት ሁላችንም በበሩ መቃን ላይ ቁመታችን ይለካል፤ ደብተሩም ላይ ይመዘገባል። የእኔ በ2000 ዓመተ ምሕረት 128 ሴንቲ ሜትር። ከጎኑ «ጫማውን አላወለቀም፣ 2 ይቀነስ» ይላል። አንድም ዓመት አልተዘለለም፤ አሜሪካ የሄደችው የአክስቴ ልጅ ቁመቷን በስልክ ትነግራቸው ነበር።

ዝናብም አለ። ጡረታ ከወጡበት ቀን ጀምሮ በየማለዳው በጣሳ ይለካሉ። በ2011 አንድ ቀን የተጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ «ዝናብ የለም። ባለቤቴ ሌሊት አረፈች።» ቀጥሎ ዘጠኝ ባዶ ገጾች። በዐሥረኛው ቁጥሮቹ ይቀጥላሉ፤ ጽሕፈቱ ግን የሕፃን ነው። ታናሽ እህቴ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር። ማንም ሳያዛት ጣሳውን ይዛ መለካት እንደጀመረች አላውቅም ነበር። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ አባባ «ቁም» አሉኝና ራሳቸው ሊያዩት ደብተሩን ተቀበሉኝ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

አባባ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። ሥራ ቀጠለ።

መሠረት፦ 40 በ40፣ ጥልቀቱ 35 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ። ሲሚንቶ 800 ብር፣ አሸዋና ጠጠር 300። ቡሎኖቹን እርጥብ አርማታው ውስጥ ተክዬ ለምሳ ገባሁ፤ ስመለስ አንዱ ጎንበስ ብሏል። በእንጨት ፍሬም አስሬ መትከል ነበረብኝ። አርማታው ገና ስላልጠነከረ አወጣሁትና በኮምፔንሳቶ ላይ አራት ቀዳዳ በስቼ፣ ቡሎኖቹን በዚያ አልፌ መልሼ ተከልኩ። የተበላሸው ኮምፔንሳቶ ለዚህ ጠቀመ። ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ማጠጣት የእህቴ ሥራ ሆነ።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ቀለምና መስመር። አንቲረስት 450፣ ነጭ 400፣ ጥቁር 250።

ከአባባ ጋር አልተስማማንም። እኔ መስመሮቹን በ25 ደቂቃ አዛውሬ ሰዓቱ ከእጅ ሰዓት ጋር እንዲቀራረብ ፈለግሁ። እሳቸው እምቢ አሉ። «ከእጅ ሰዓት ጋር እንዲገጥም ከፈለግህ የእጅ ሰዓት እሰርበት። ይህ ሰሌዳ የሚናገረው እዚህ ግቢ ፀሐይ የት እንዳለች ነው።» ብዙ ተከራከርን፤ እኔ አሁንም ለእንግዳ የሚቀለው የእኔ ነው ባይ ነኝ። የሳቸው ሆነ። መሐሉ ላይ 6 ተጻፈ። ከሥሩ በትንሽ ሰሌዳ የማስተካከያ ሠንጠረዥ ይኖራል፦ እኩለ ቀን የካቲት መጀመሪያ በእጅ ሰዓት 6፡39፣ ሚያዝያ 7 ገደማ 6፡25፣ ጥቅምት 24 አካባቢ ደግሞ 6፡09።

ቁጥሮቹን እህቴ ጻፈች። ጠዋት ጥላው ወደ ምዕራብ ስለሚወድቅ ከግራ ወደ ቀኝ 2፣ 3፣ 4 እያለ 10 ይደርሳል።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ሰዓቱ ተተከለ። ከጠዋቱ 2 እስከ 10 ሰዓት በየሰዓቱ ከሒሳቡ ጋር አወዳደርኩ። መሐሉ ላይ ልክ ነው፤ ዳርቻው ላይ ወደ 3 ደቂቃ ይስታል፣ በሁለቱም በኩል እኩል። እኩል መሆኑ ፍንጭ ሰጠኝ። ሁለቱን ደጋፊዎች በ10 ሴንቲ ሜትር አስቆርጬ ዘንጉን ከላያቸው ነው ያጋደምኩት፤ ስለዚህ የዘንጉ መሐል 10.3 ላይ ነው ያለው። ሦስት ሚሊ ሜትር በ60 ዲግሪ ላይ ተባዝቶ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ደጋፊዎቹን በሞረድ 3 ሚሊ ዝቅ አደረግሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አሁን ስህተቱ ከ1 ደቂቃ በታች ነው።

ጠቅላላ ወጪ ከ550 ብር ትራንስፖርት ጋር 7,300 ብር። ከዚህ ውስጥ 1,850 በስህተት የሄደ ነው።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

አባባ ከቤተ ክርስቲያን የዘንባባ ቀለበታቸውን እንዳጠለቁ መጡ። ከሰዓቱ አጠገብ 1 ሜትር ዘንግና ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ በቱንቢ አቁመናል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብርሃኑ በቱቦው ውስጥ ሳይነካ መውረድ አለበት። ከሰባቱ የልጅ ልጆች አምስቱ ነበርን።

6 ሰዓት ከ8 ላይ ደመና መጣ። በልግ ነው። 6፡15፣ 6፡20፣ 6፡25፤ ጥላ የለም፣ ብርሃንም የለም። የገለጠው 6፡33 ላይ ነው፤ ያኔ ጥላው ወደ ምሥራቅ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወጥቷል። ሁላችንም ዝም አልን። አባባ «ነገ አለ» አሉ። በአንድ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው የምትሄደው፤ በ1 ሜትር ዘንግ ላይ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

ምሽት 2 ሰዓት ከ8 ላይ ከሜሪላንድ ስልክ መጣ። እዚያ እኩለ ቀን መሆኑ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ደጃፍ ላይ 1 ሜትር ዘንግ አቁመዋል። ልጁ በአማርኛ «ሃምሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር፣ አባባ» አለ። አባባ ሦስት ጊዜ አስለኩት፤ 58። ሒሳቡን በእጃቸው ሠሩት፦ ታንጀንቱ 0.58 የሆነ ማዕዘን 30.1 ዲግሪ ነው። እኛ ጋ ጥላ በሌለበት ቀን እዚያ 30 ዲግሪ ካለ፣ በሁለቱ ከተሞች ኬክሮስ መካከል ያለው የክብ ድርሻ ያ ነው። ከካርታው ከደቡብ ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት 3,330 ኪሎ ሜትር ለኩ። የምድር ዙሪያ 39,800 ገደማ መጣ። በዋልታዎች በኩል ያለው እውነተኛው ልክ 40,008 ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ በግብፅ፣ በአስዋንና በእስክንድርያ የሠራው ሥራ ነው፤ አባባ ለ45 ዓመት አስተምረውታል፣ በራሳቸው ቁጥር ሲሠሩት ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ልጁ ቁመቱን ጨምሮ ነገራቸው፤ 134።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። አባባ ከስግደት በ6 ሰዓት ተመለሱ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

6፡20 ላይ ጥላው ወደ ምዕራብ ሁለት ሴንቲ ሜትር። 6፡23፣ አንድ ገደማ። 6፡25 ላይ በቱቦው ውስጥ ብርሃኑ ወርዶ መሬት ላይ ክብ ሆነ፤ ከዘንጉ በሰሜን በኩል ምንም ጥላ አይታይም፣ በደቡብ በኩል ግን ቀጭን የጥላ ጠርዝ አለ። የአባባ ዓይን አያየውም። እህቴ እጃቸውን ይዛ ጣታቸውን በዘንጉ ግርጌ ደቡብ ላይ አሳረፈችው። «ዞሯል?» አሉ። «ዞሯል።» እስከ ነሐሴ 23 ድረስ የእኩለ ቀን ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው።

በ23ኛው ደብተር በራሳቸው እጅ ጻፉ፦ «ሚያዝያ 6፣ 6፡25። ጥላ ወደ ደቡብ፣ ከ1 ሴ.ሜ. በታች። ዝናብ 0።»

የቀረ ሥራ፦ የማስተካከያውን ሠንጠረዥ በላሜራ ላይ ማስጻፍ፤ የሰሜን ምዕራቡን ቡሎን ማጥበቅ፤ ከክረምት በፊት ዘንጉን ሁለተኛ ቀለም መቀባት።